እብጠቱ አበራ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፦ ስለ ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ዕጢዎችና ስለ ፔት ስካን ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ፔት ስካን ለምታዙ ሐኪሞች፣ እንደ እኔ ምስሉን ለምታነቡ ባልደረቦቼ፣ ውጤቱን ይዛችሁ ከክፍል ክፍል ለምትመላለሱ ታካሚዎችና ቤተሰቦች

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረችኝ አንዲት የማዘዣ ወረቀት ናት። ከታካሚው ዕድሜ በታች ባለው ሰፊ ቦታ ላይ የተጻፈው ይህ ብቻ ነበር፦ «የጭን እብጠት። ፔት ይሠራለት።» በቃ። እብጠቱ መቼ እንደ ጀመረ አይልም። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ ምስል) ተነሥቶ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ናሙና ስለ መወሰዱም አንዲት ቃል የለችም።

ምስሉ ወጣ። ጭኑ መሃል አንዲት ነጥብ ፍም መስላ ተቀምጣለች። ሰውየው ስክሪኑን በጨረፍታ አይቶት ኖሮ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «አበራ አይደል? በቃ ካንሰር ነው ማለት ነው?» አለኝ። አጠገቡ የቆመችው ልጁ ክንዱን ጭብጥ አድርጋ ይዛዋለች። «ገና አላወቅንም» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። እነሱ ግን እንዳላመኑኝ ፊታቸው ላይ አየሁ።

ናሙናው ተወስዶ እስኪነበብ ድረስ እነዚያ ሰዎች ካንሰር ብለው ተኝተው ካንሰር ብለው ተነሡ። በመጨረሻ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ የጻፈው «ኖዱላር ፋሺያይቲስ» የሚል ነበር። ይህ በፍጥነት የሚያድግና ፔት ላይ እንደ ክፉ ዕጢ ሊያበራ የሚችል እብጠት ነው። ግን ወደ ሌላ አካል አይሰራጭም። ብዙ ጊዜም በራሱ እየሟሸሸ ይጠፋል።

የተገላቢጦሹንም አይቻለሁ። አንዲት ሴት ጭኗ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ትልቅ እብጠት ነበራት። ፔት ላይ ደብዘዝ ብሎ ታየ። «ብዙም አላበራም፣ የስብ እብጠት ሳይሆን አይቀርም» ተባለችና ወራት አለፉ። ናሙናው በኋላ ሲወሰድ ሚክሶይድ ላይፖሳርኮማ የተባለ፣ ከስብ የሚነሣ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ያኔም ካንሰር ነበር። ፔት የሚከታተለውን ስኳር አይወድም እንጂ።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ፔት ስካንን «ይህ እብጠት ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት። ለዚያ ጥያቄ መልስ የለውም። «ከእብጠቱ ውስጥ የከፋው የቱ ጋ ነው? ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል ወይ? መድኃኒቱ እየሠራ ነው ወይ? ይህ ጠባሳ ነው ወይስ በሽታው ተመልሶ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ለእነዚህ ብዙ ጊዜ ሌላ መሣሪያ ብቻውን የማይሰጠውን መልስ ይሰጣችኋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፔት ስካን ካንሰርን አያይም፤ የሚያየው የስኳር አጠቃቀምን ነው። ከምርመራው በፊት በደም ሥር የሚሰጠው ኤፍዲጂ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ግሉኮስን ይመስላል፣ ግን ፍሎሪን 18 የተባለ ጨረር አመንጪ አቶም ተያይዞበታል። ሴሎች ግሉኮስ መስሏቸው ያስገቡታል። ከገባ በኋላ የመጀመሪያውን የኬሚካል እርምጃ ብቻ ያልፍና እዚያው ይቀረቀራል። ብዙ ስኳር የሚፈልግ ሴል ብዙ ኤፍዲጂ ያከማቻል። ከፍሎሪኑ የምትወጣው ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ስትገናኝ ሁለቱም ይጠፋሉ። በምትካቸው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ጨረሮች ይፈጠራሉ፤ የእያንዳንዳቸው ጉልበት 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ማሽኑ ጥንዶቹን ይይዝና ከየት እንደ ተነሡ ያሰላል። ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሰዓታችሁን አክብራችሁ ኑ እያልን የምንጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው። ኤፍዲጂው ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

የካንሰር ሴሎች ግሉኮስን በብዛት እንደሚጠቀሙ ኦቶ ዋርበርግ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሳይቷል። ኤፍዲጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያኔ የተፈለገው የአንጎልን የግሉኮስ አጠቃቀም ማየት ነበር፤ ለዕጢ መዋሉ ቆይቶ የመጣ ነው።

ታዲያ ስኳር የሚወደው ካንሰር ብቻ አይደለም። መግል የቋጠረ ቁስል ያበራል። ገና እየዳነ ያለ የደም ቋጠሮ ያበራል። በሰውነት ውስጥ የቀረ ባዕድ ነገር ዙሪያውን ያስቆጣና ያበራል። ከጅማት ሽፋን የሚነሣው ጃያንት ሴል ዕጢ ያበራል። ከነርቭ ሽፋን የሚወጣው ሽዋኖማም፣ ካንሰር ሳይሆን፣ አንዳንዴ በጣም ያበራል። ከቡናማ ስብ የሚነሣው ሃይበርኖማ የተባለ ጉዳት የለሽ ዕጢ ደግሞ ከብዙ ካንሰሮች በልጦ ሊያበራ ይችላል፤ ቡናማ ስብ ሥራው ራሱ ስኳርና ስብ አቃጥሎ ሙቀት ማመንጨት ነውና። በሌላ በኩል ዝቅተኛ ግሬድ ያላቸው ላይፖሳርኮማዎች እና ውስጣቸው ዝልግልግ የሆኑ አንዳንድ ሳርኮማዎች (የለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ካንሰሮች) ድምፃቸውን አጥፍተው ይቀመጣሉ።

ግሬድ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ላንሣ። በአማርኛ ግሬድንም ስቴጅንም «ደረጃ» እያልን ነው የምንጠራው። ብዙ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። ግሬድ የሚለካው ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ምን ያህል ክፉ እንደሆኑ ነው፤ በሳርኮማ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ይሰጠዋል። ስቴጅ በሽታው የት እንደ ደረሰ የሚናገር ነው። «ደረጃ 3 ነው» የተባለ ሰው የቱን እንደሆነ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪሞች ሆይ፣ ሁለቱን ቃላት እንደወረዱ «ግሬድ» እና «ስቴጅ» በሏቸው። እናንተም ታካሚዎች ደረጃ ሲባል «የቱ ደረጃ?» በሉ። ፔት ስለ ሁለቱም ፍንጭ አለው፣ ግን በየራሳቸው መንገድ ነው። ከፍተኛ ግሬድ ያለው ሳርኮማ በአብዛኛው ይበልጥ ያበራል። ይህ እውነት ነው። ግን ድንበሩ የተደበላለቀ ስለሆነ ከብርሃኑ ተነሥቶ ግሬድ መስጠት አይቻልም።

ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ስንል ጡንቻን፣ ስብን፣ ነርቭን፣ የደም ሥርን፣ ጅማትንና እነዚህን የሚያያይዘውን ሁሉ ነው። ከነዚህ የሚነሡ ካንሰሮች ሳርኮማ ይባላሉ። ከ50 በላይ ዓይነቶች አሏቸው። በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ውስጥ ግን ድርሻቸው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ካንሰር ያልሆኑት የለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ዕጢዎች ከካንሰሮቹ በ100 እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። ማለትም ቆዳ ሥር እብጠት ያገኘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ተራ የስብ እብጠት ነው። ችግሩም ይኸው ነው። ሐኪሙ መቶ ተራ እብጠት ካየ በኋላ መቶ አንደኛውም ተራ ይመስለዋል።

ችላ የማይባሉት ምልክቶች የታወቁ ናቸው። ከ5 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ እብጠት፣ ከጡንቻ ሽፋን በታች ጠልቆ የተቀመጠ፣ እያደገ ያለ፣ ወይም ተቆርጦ ወጥቶ የተመለሰ። ህመም ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። «አያመኝም፣ ስለዚህ ምንም አይደለም» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ጎድቷል። ትልልቅ ሳርኮማዎች ብዙ ጊዜ ያለ አንዳች ህመም ያድጋሉ።

እንዲህ ያለ እብጠት ሲገኝ የመጀመሪያው ምርመራ ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ነው። ጥርጣሬ ካለ ኤምአርአይ ይከተላል። የዕጢውን ድንበር፣ ከነርቭና ከደም ሥር ያለውን ርቀት፣ የትኛው ጡንቻ ውስጥ እንዳለ ከኤምአርአይ በላይ የሚያሳይ የለም። ከዚያ በወፍራም መርፌ ናሙና ይወሰዳል። መርፌው የሚገባበትን መስመር ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ሐኪም አስቀድሞ ሊስማማበት ይገባል፤ መስመሩ በኋላ ከዕጢው ጋር አብሮ ሊወጣ ይችላልና። ሳርኮማ ከተረጋገጠ ደግሞ ደረት ሲቲ (በኤክስሬይ ንብርብር ሆኖ የሚነሣ ምስል) ግድ ነው። ሳርኮማ ሲሰራጭ ከሁሉ በፊት የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳንባ ነው።

ፔት በዚህ ሰልፍ ውስጥ የሌላውን ቦታ ሊቀማ አይገባም። ኤምአርአይን አይተካም። ደረት ሲቲንም አይተካም፤ ከ8 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ የሳንባ ነጥቦች ፔት ላይ ሳያበሩ ሊያልፉ ይችላሉ። ነጥቧ ትንሽ ናት፣ ታካሚው ደግሞ እየተነፈሰ ነው፤ ብርሃኗ ተበትኖ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ ናሙናን አይተካም። ፔት ቀጠሮ እስኪደርስ ተብሎ ናሙና ሲዘገይ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል። ከዚህም የሚብሰው ግን ምንም ምስል ሳይነሣ፣ ናሙናም ሳይወሰድ፣ እብጠቱን ተራ ነው ብሎ ቆርጦ ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ሳርኮማ መሆኑ ሲታወቅ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው የሰፋና የከበደ ይሆናል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ።

ፔት እጅግ የሚጠቅምበት የመጀመሪያው ቦታ መርፌው የት ይግባ የሚለው ነው። ትልቅ ሳርኮማ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። አንደኛው ጥጉ የሞተ ሕብረ ሕዋስ ነው፤ ሌላው ፈሳሽ ነው፤ ሌላው ዝግ ብሎ የሚያድግ ነው። አንድ ጥግ ላይ ደግሞ የቁጣው ምንጭ አለ። መርፌው የሞተው ላይ ካረፈ ፓቶሎጂስቱ «ናሙናው በቂ አይደለም» ይላል። ዝግ ያለው ላይ ካረፈ ግሬዱ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይጻፋል። ህክምናውም በዚያው ልክ ይቀላል፤ ታካሚው የሚገባውን አያገኝም።

አንድ ጊዜ ከሆድ ዕቃ ጀርባ ያደገ ትልቅ የስብ ዕጢ አየሁ። ሲቲው ላይ ሲታይ አብዛኛው ስብ ነው። ፔቱ ላይ ዕጢው እንዳለ ጭር ብሏል። ወደ ታች፣ ከኩላሊቱ በስተጀርባ፣ አንድ የእንቁላል ያህል ቦታ ብቻ ተለይታ ታበራለች። መርፌው እዚያ ገባ። ውጤቱ ዲዲፈረንሺየትድ ላይፖሳርኮማ ሆነ፤ ማለትም ዝግ ባለው ዕጢ ውስጥ ሌላ፣ ኃይለኛ የሆነ ዕጢ በቅሎ ነበር። መርፌው ስቡ ላይ ቢያርፍ ኖሮ የምናነበው ሌላ ውጤት ነበር። ይህን የመሰለ ምስል ሳይ ይህን ሥራ ለምን እንደመረጥኩ ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው ቦታ ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ዓይነት 1 ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ከ3000 ሰዎች አንድ ገደማ ከዚህ ጋር ይወለዳል። በነርቮቻቸው ላይ ብዙ እብጠቶች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ካንሰር አይሆኑም። ነገር ግን በዕድሜ ዘመናቸው ከ8 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት ላይ ከነዚህ አንዱ ወደ ክፉ የነርቭ ሽፋን ዕጢ ይለወጣል። አስቡት፤ ሠላሳ እብጠት ያለው ሰው መጥቶ «ይኼኛው ሰሞኑን እያመመኝ ነው» ይላችኋል። ሠላሳውንም ቆርጦ ማየት አይቻልም። ፔት ከሠላሳው የትኛው ተለይቶ እንደሚያበራ ያሳያል፤ ናሙና የሚወሰደውም ከዚያ ነው። ጥሩ ልምድ ያላቸው ክፍሎች ዘግየት ብለው ሁለተኛ ምስል ያነሣሉ፤ ክፉው እየቆየ ይበልጥ ያከማቻልና። እዚህም ላይ ቢሆን ብርሃኑ የሚጠቁመው ቦታውን ነው። የመጨረሻው ቃል የናሙናው ነው።

በህጻናት ላይ የሚበዛው ራብዶማዮሳርኮማም እዚህ መነሣት አለበት። ብዙ ሳርኮማዎች ወደ ንፍፊት (ሊምፍ ኖድ) አይሄዱም። ይኼኛው ይሄዳል፤ ኤፒተሊዮይድ እና ክሊር ሴል የሚባሉትም እንደዚሁ። መደበኛ መጠን ያለው ንፍፊት ሲቲ ላይ ሰላም ይመስላል፤ ፔት ላይ ሲያበራ ግን የሚቆረጠውም የጨረሩም ቦታ ይቀየራል። አጥንት ውስጥ የተደበቀ ስርጭትም እንዲሁ ብቅ ይላል። እግር ወይም ክንድ ሊቆረጥ ሲታሰብ ደግሞ፣ ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ የሄደ ነገር መኖር አለመኖሩን ማጣራት ለታካሚው የሚገባው ክብር ነው ብዬ አምናለሁ። በተቃራኒው ሚክሶይድ ላይፖሳርኮማ ወደ አከርካሪ አጥንት መሄድ ይወዳል፤ ያንን ፔት ሊስተው ይችላልና እዚያ የሙሉ አካል ወይም የአከርካሪ ኤምአርአይ ይሻላል።

ከዚያ የመድኃኒት ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ሄልሲንኪ ውስጥ አንዲት ታካሚ በጨጓራና አንጀት ግድግዳ ላይ በሚነሣው፣ ጂስት በሚባለው ሳርኮማ ታማ፣ በሽታው ተሰራጭቶ፣ የተለመደው ህክምና አልሠራ ብሏት ነበር። ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን ተሰጣት። ለዚህ በሽታ ያንን መድኃኒት የወሰደች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ከህክምናው በፊት ፔት ላይ ያበሩ የነበሩት ዕጢዎች በሳምንታት ውስጥ ጠፉ፤ በቀጣዩ ዓመት ዓለም አነበበው። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ለውጡ ከመጀመሪያው ክኒን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ እንኳ ሊታይ እንደሚችል አሳዩ።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ጂስት በመድኃኒት ሲሞት ወዲያው አይኮማተርም። ውስጡ ወደ ዝልግልግ ፈሳሽ ይለወጣል ወይም ይደማል። ስለዚህ ሲቲ ላይ ሲለካ እንዲያውም ያበጠ ሊመስል ይችላል። መጠን ብቻ የሚለካ ሐኪም «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ የሚሠራውን መድኃኒት ሊያስቆም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የቾይ መስፈርት ሲቲ ላይ ከመጠን ጋር ጥግግትም እንዲታይ ያደረገው በዚህ የተነሣ ነው። የሌሎች ሳርኮማዎችም ነገር ይመሳሰላል። ኬሞ (ካንሰር ገዳይ መድኃኒት) የተሰጠው ዕጢ መጠኑ ሳይነቃነቅ ውስጡ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ግን ንጽጽር ለመሥራት የመነሻ ምስል ያስፈልጋል። ኬሞው ከተጀመረ በኋላ «አሁን ፔት ይሠራለትና እንይ» ማለት ግማሹን ጥያቄ ማጥፋት ነው። በፊት ምን ያህል ያበራ ነበር? አናውቅም።

ስለ ቁጥሩም እንነጋገር። ሪፖርታችን ላይ ኤስዩቪ የሚል ቁጥር አለ። የተሰጠውን መጠንና የሰውነት ክብደትን አካቶ፣ እዚያ ቦታ ላይ ምን ያህል ኤፍዲጂ እንደ ተከማቸ የሚገልጽ ነው። ብዙ ሰው 2.5 የሚለውን ቁጥር እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞታል፤ ከዚያ በላይ ካንሰር፣ ከዚያ በታች ሰላም። ያ ቁጥር የተለመደው በሳንባ ነጥቦች ምርመራ ነው። ለሳርኮማ እንዲህ ያለ አንድ ወጥ ድንበር የለም። በዚያ ላይ ቁጥሩ በማሽኑ ዓይነት፣ በደም ስኳር፣ ከኤፍዲጂው መርፌ በኋላ በተጠበቀው ደቂቃ ይለዋወጣል። ስለዚህ ክትትል የሚደረግለት ሰው በተቻለ መጠን በአንድ ማሽን፣ በተመሳሳይ ዝግጅት፣ በተመሳሳይ የጥበቃ ጊዜ ይነሣ። ቁጥሩ ከ6 ወደ 5 ወረደ ብሎ መደሰትም፣ ከ5 ወደ 6 ወጣ ብሎ መደንገጥም ልክ አይደለም። ፐርሲስት የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2009 መስፈርት ዕጢው ለመድኃኒቱ መልስ ሰጠ ለማለት ቢያንስ የ30 በመቶ ቅናሽ ይፈልጋል።

ከህክምና በኋላ ያለው ጊዜም ያስቸግራል። የተቆረጠ ቦታ ለሳምንታት ያበራል። ጨረር የተሰጠው ቦታ ለወራት ሊያበራ ይችላል፤ ብዙ ክፍሎች ሦስት ወር ያህል መጠበቅን የሚመርጡት ለዚያ ነው። ነጭ የደም ሴል እንዲጨምር የሚሰጠው መርፌ መላውን መቅኒ ያበራዋል። በቅርቡ የተከተበ ሰው ብብቱ ሥር ያለው ንፍፊት ያበራል። እነዚህን ሁሉ የምናውቀው ወረቀቱ ላይ ከጻፋችሁልን ብቻ ነው። ብረት የተገጠመለትና ጠባሳው ኤምአርአይ ላይ የተመሰቃቀለ ሰው «ተመልሶ ይሆን?» ተብሎ ሲላክ ግን ፔት እውነተኛ ውለታ ይውላል።

ወረቀቷን ይዤ የምጨቃጨቅበት ሌላም ምክንያት አለኝ። የተለመደው የፔት ምስል የሚነሣው ከራስ ቅል ሥር እስከ ጭን አጋማሽ ነው። ልብ በሉ፤ እስከ ጭን አጋማሽ። ጉልበቱ ላይ፣ ባቱ ላይ፣ እግሩ ላይ እብጠት ያለበት ሰው ወረቀቱ ላይ ቦታው ካልተጻፈ ዕጢው ከምስሉ ውጭ ሊቀር ይችላል። ሆኖ አይቻለሁ። ሰውየው ተነሥቶ ሄደ፣ ሪፖርቱ ንጹህ ሆነ፤ እብጠቱ ግን ከካሜራው በታች ነበር። ክንድ ላይ ያለ እብጠትም እንዲሁ ነው። የኤፍዲጂው መርፌ መወጋት ያለበት በሌላኛው ክንድ ነው። በዚያው ክንድ ተወግቶ ትንሽ ከደም ሥር ውጭ ካፈሰሰ የብብት ንፍፊት ያበራና ስርጭት ይመስላል። እጅ ወደ ላይ ይነሣ ወይስ ከጎን ይሁን የሚለውም የሚወሰነው እብጠቱ የት እንዳለ ታውቆ ነው።

ባልደረቦቼ፣ እኛም ከወቀሳው አናመልጥም። «ከፍተኛ የኤፍዲጂ ክምችት፣ ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ይታይ» ብለን የምንዘጋው ሪፖርት ማንንም አይረዳም። የትኛው ጥግ እንደሚያበራ፣ መርፌው ከየት ቢገባ እንደሚሻል፣ ካንሰር ያልሆኑ የትኞቹ ነገሮች ይህን ሊመስሉ እንደሚችሉ እንጻፍ። ወረቀቱ ባዶ ሆኖ ሲመጣም ስልክ አንሥተን እንጠይቅ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

መመሪያ ለምታወጡና ወጪ ለምትሸፍኑም አጭር ቃል አለኝ። ለሳርኮማ ፔትን ሙሉ በሙሉ መከልከል ስህተት ነው፤ እብጠት ላለው ሁሉ መፍቀድም ስህተት ነው። ጥያቄው የተጻፈበትን ማዘዣ አጽድቁ። አሁን ከስኳር ይልቅ ዕጢው ዙሪያ ያሉ ሴሎችን የሚያሳዩ፣ ፋፒ የሚባሉ አዳዲስ መፈለጊያዎች መጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ከጀርመኗ ሃይደልበርግ ተመራማሪዎች ተነሥተው በብዙ ቦታ እየተጠኑ ነው። ለሳርኮማ ተስፋ ይሰጣሉ። እነሱም ቢሆኑ የጠባሳና የቁጣ ቦታዎች ላይ ያበራሉ፤ ናሙናን አያስቀሩም።

ታካሚዎችና ቤተሰቦች፣ ወደ ምርመራው ስትመጡ ቢያንስ ለ6 ሰዓት አትብሉ፤ ጣፋጭ መጠጥም አትጠጡ፣ ንጹህ ውኃ ግን ችግር የለውም። ምግብ ከበላችሁ ኢንሱሊን ኤፍዲጂውን ወደ ጡንቻ ይገፋዋል፤ ያኔ ጡንቻው ሁሉ ያበራና ጡንቻ ውስጥ ያለው ዕጢ ይሸፈናል። ለሌላ ዕጢ ይህ ትንሽ እንከን ሊሆን ይችላል፤ ለእናንተ ግን ዋናውን ነገር ማጣት ነው። በዋዜማው ከባድ ስፖርት አትሥሩ። እንዳይበርዳችሁ ልበሱ፤ የበረደው ሰው አንገቱና ትከሻው ላይ ያለው ቡናማ ስብ ያበራል። የስኳር ህመም ካለባችሁ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ህጻን የምታጠቡ ከሆነ ቀጠሮ ስትይዙ ተናገሩ። ከመርፌው በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ጸጥ ብሎ መተኛት አለ። ከኤፍዲጂው የሚገኘው ጨረር በተለመደው መጠን 7 ሚሊ ሲቨርት ገደማ ነው፤ አብሮ የሚነሣው ሲቲ ይጨምርበታል። ምክንያት ያለው ምርመራ ከሆነ ይህ ሊያስፈራችሁ አይገባም። ምክንያቱን ግን ጠይቁ። «ይህ ምርመራ የትኛውን ውሳኔ ይቀይራል?» በሉ። ነውር አይደለም። ጥሩ ሐኪም ጥያቄውን ይወደዋል።

ስክሪኑ ላይ ብርሃን ካያችሁ ደግሞ ናሙናው ተነቦ እስኪመጣ ድረስ ማንም ሰው «ካንሰር ነው» ብሎ እንዲነግራችሁ አትፍቀዱ። «ምንም አይደለም» እንዲላችሁም አትፍቀዱ።

ሐኪሞች፣ በሚቀጥለው ጊዜ የምትልኩልኝ ወረቀት እንዲህ ቢሆን ምኞቴ ነው፦

«ዕድሜ 46። የቀኝ ጭን፣ ከጡንቻ ሽፋን በታች፣ 9 ሳንቲ ሜትር፣ ባለፉት 4 ወራት ያደገ። ኤምአርአይ ተነሥቷል፣ ተያይዟል። ናሙና ገና ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ በውጭ በኩል እንዲገባ ይፈልጋል። ቀዶ ጥገና፣ ኬሞ፣ ጨረር፦ የለም። ክትባት፦ የለም። ጥያቄ፦ ከዕጢው ውስጥ ለመርፌ የሚሻለው የቱ ጋ ነው? ንፍፊት ወይም አጥንት ላይ የሚታይ ነገር አለ? ምስሉ እስከ እግር ጣት ይሁን።»

ይህ ከደረሰኝ ታካሚው ሳይተኛ ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ። በሩ ላይ ቆሞ ሲጠይቀኝም «ገና አላወቅንም፤ ግን ነገ መርፌው የት እንደሚገባ አውቀናል» እለዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ምስሎቻችሁን የሚያነብ ባልደረባችሁ